በረኛው ሕግ

እንግዳ ተክል በአገራችን ላይ ያደረሰው ጥፋት በተነሣ ቁጥር ወቀሳው የሚወድቀው በእህል ጆንያ፣ በመኪና ጎማና ባልታወቀ መንገደኛ ላይ ነው። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው እሾሃም ዛፍ ግን ተደብቆ አልገባም። ከአሜሪካ ምድር የመጣው ይህ ዛፍ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በረሃውን ይገታል፣ ጥላና ማገዶም ይሰጣል ተብሎ፣ በባለሙያ ተመርጦና በችግኝ ጣቢያ ውሃ እየጠጣ አድጎ፣ በአፋር አገር በአዋሽ ሸለቆ ተተከለ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የአፋር ከብት አርቢ ከማናችንም ይልቅ ያውቀዋል። ከብቱ ፍሬውን ይበላል፤ ዘሩ ግን በሆዱ ሳይፈጭ ከፋንድያው ጋር ወጥቶ ከብቱ በረገጠበት ሁሉ ይበቅላል። ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ሣሩን አጥፍቶ፣ ወደ ወንዝ የሚያደርሰውን መንገድ በእሾህ አጥሮ፣ ግጦሹን ከባለቤቱ ነጠቀው።

ሕግ አልነበረምን? ነበረ እንጂ! የዕፅዋት ጥበቃ ድንጋጌ በ1971 ወጥቷል፤ በ1992ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4ን አወጣ። ነገር ግን የእነዚህ ሕጎች ትልቁ ጭንቀት «ይህ ችግኝ በሽታ ወይም ተባይ ይዟልን?» የሚል ነው። ፕሮሶፒስ ምን በሽታ አለበት? የፈጀን ጤንነቱ ነው። በረኛው ፈትሾ ያሳለፈው እንግዳ ቤቱን ቢወርስ ተጠያቂው ማን ነው?

አንድ ጊዜ ከገባ በኋላም የሚከታተለው አላገኘም። እምቦጭ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ መታየቱ የታወቀው በ1965 ሲሆን ጣና ላይ ጉድ ያሰኘን በ2011 ገደማ ነው። አርባ ስድስት ዓመት የተሰጠው አገር «ድንገት ደረሰብኝ» ሊል አይችልም።

የኬንያ አርቢዎች የጠየቁት ይህንኑ ነበር። በባሪንጎ ይኸው ዛፍ በልማት ስም ተተክሎባቸው ነበርና በ2006 መንግሥታቸውን ከሰሱ፤ ለማስረጃም የዛፉን ፍሬ በልቶ ጥርሱ የረገፈ ፍየል ይዘው ችሎት ቀረቡ። (እንዲህ ያለ ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ አያስፈራውም!) በ2008 የኬንያ መንግሥት ዛፉን ጎጂ አረም ነው ብሎ ዐወጀ።

«ከሰል እናድርገው፣ ፍሬውም ተፈጭቶ መኖ ይሁን» የሚሉ አሉ። ፍሬውን መፍጨት ዘሩን ይገድላልና እሰየው። ስለ ከሰሉ ግን እጠራጠራለሁ፤ ከሰል የሚያከስል ሰው ጉቶውን ለምን ይነቅላል? ጉቶው የከርሞ ገበያው ነው።

እኔ የምለው፣ ሚኒስቴርም ይሁን የእርዳታ ድርጅት ወይም ዩኒቨርሲቲ፣ እንግዳ ተክል ወይም እንስሳ የሚያስገባ ሁሉ ከመትከሉና ከመልቀቁ በፊት እንዴት እንደሚዛመት በጽሑፍ ያስረዳ፤ ቢያመልጥ የሚነቅልበትን ገንዘብ ያስይዝ፤ የፈቀደውም ሹም ስሙ ይመዝገብ። ሥራ ይጓተታል የሚል መምህር ቢኖር፣ ይጓተት! ያ ችግኝ አሥር ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ማን በተጎዳ ነበር?

የችግኝ ጣቢያ ኃላፊውም ፈቃድ ፈራሚውም የሚወጡት ከዚሁ ከእኛ ግቢ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን የእርሻና የሕግ ተማሪዎችን ከመምህሮቻቸው ጋር በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ በዚህ ሐሳብ ላይ እንዲያከራክር እጠይቃለሁ። ከአፋር የመጡ ጓደኞቻችን ቀድመው ይናገሩ።