ሻንጣው ከየት ተነሣ?

በአንዳንድ አገሮች ተማሪዎች ስንቃቸውንና የመኝታ ልብሳቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ከመምህሮቻቸው ጋር ለቀናት ተራራ የሚያቋርጡበት ትምህርት አለ። አንድ ትምህርት ቤት የዚህን ጉዞ ታሪክ ልጻፍ ቢል ከየት ይጀምር? በዚህ ወር የምናነሣው ይህንኑ ነው።

የጉዳዩን ሥር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ኩርት ሀን ከተባለ ጀርመናዊ መምህር ዘንድ ነው። ሀን እ.ኤ.አ. በ1920 የሳሌምን ትምህርት ቤት ከመሠረቱት አንዱ ነበር። በ1932 ሂትለር ሰው ለገደሉ ተከታዮቹ ድጋፉን በገለጸ ጊዜ፣ ሀን ለቀድሞ ተማሪዎቹ ደብዳቤ ጽፎ ከሳሌምና ከሂትለር አንዱን እንዲመርጡ ጠየቃቸው። በ1933 ታሰረ፤ ከተፈታ በኋላም ወደ ብሪታንያ ተሰደደ። በ1934 በስኮትላንድ የጎርደንስተንን ትምህርት ቤት ከፈተ።

በ1941 ደግሞ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ ከመርከብ ባለቤቱ ከሎሬንስ ሆልት ጋር በዌልስ አበርዶቪ ላይ አውትዋርድ ባውንድን ጀመሩ። ስሙ መርከብ ወደብ ለቃ ወደ ባሕር መውጣቷን የሚገልጽ የመርከበኞች አነጋገር ነው። ወጣቶቹ አንድ ወር ያህል ጀልባ መቅዘፍን፣ በካርታና በኮምፓስ መንገድ መፈለግን፣ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ማዳንን ይማሩ ነበር፤ ተራሮችንም በእግር ያቋርጡ ነበር። ሐሳቡ በ1962 አሜሪካ ኮሎራዶ ተራሮች ላይ ሥራ ጀመረ። በ1971 በማሳቹሴትስ የሃሚልተን ዌንሃም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ መደበኛው ትምህርት አስገባው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። መርከባቸው በሰጠመ ጊዜ ወጣት መርከበኞች ከሽማግሌዎቹ ቀድመው ተስፋ ይቆርጣሉ የሚለው ወሬ በየጽሑፉ ይደጋገማል። ይህ የሆልት እምነት ነበር። ስለዚህ «ሆልት እንዲህ ያምን ነበር» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ተቆጥሮ እንደተረጋገጠ ነገር አይቅረብ። የሰውን አስተያየትና የተረጋገጠውን ነገር ያልለየ ታሪክ ጸሐፊ አንባቢውን ያሳስታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። ወላጆች የፈረሙባቸው የፈቃድ ወረቀቶች፣ የስንቅና የዕቃ ዝርዝሮች፣ ከጀርባቸው ቀን የተጻፈባቸው ፎቶግራፎች፣ የቀድሞ ተማሪዎች ማስታወሻዎች ሁሉ ምስክሮች ናቸው። መምህሩን ብቻ ሳይሆን መኪና የነዳውንና ስንቅ ያዘጋጀችውንም መጠየቅ ይገባል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ መልሱ ሲነጻጸር ነው እውነቱ የሚጠራው። ጊዜም አይጠብቅም፤ በ1941 አበርዶቪ የደረሰ የ16 ዓመት ልጅ ዛሬ ቢኖር ዕድሜው መቶ ዓመት አካባቢ ነው።

ከሁሉ በላይ አደጋው አይደበቅ። ስሙ እንዳይጎድፍ ብሎ የጠፋውን ልጅ፣ ድንገት የሞላውን ወንዝ፣ ያለ በቂ ልብስ ያደረውን ቡድን ከታሪኩ የሚያወጣ ትምህርት ቤት ለነገው መምህር ያንኑ ገደል ሳይነግረው ያስረክበዋል። ልጁን አምኖ የላከ ወላጅ ደግሞ ከምስጋና ጽሑፍ ይልቅ ይህን የማወቅ መብት አለው።

ወጣቶች ሆይ! አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። እንግዲህ ደብተራችሁን ይዛችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ከነተናጋሪው ስም ጻፉ።