ኳስ በቻይንኛ

ዛሬ ስለ ግፊትና ስለ ስኳር አላወራም፤ ስለ ቅርጫት ኳስ ነው። አይዟችሁ፣ ወደ ጤናው እመለሳለሁ።

ሰሞኑን አረብ አገር የምትሠራ አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ጎኗን ያማታል፣ ክሊኒክም ወስደዋታል። "ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ዝም አልኩ ዶክተር፤ 'ይወጋኛል' በአረብኛ ምን እንደሚባል አላውቅም" አለችኝ። እዚያ አራት ዓመት ኖራለች። አልፈረድኩባትም። እኔም እዚያው ቦታ ላይ ነበርኩ፣ ያውም ነጭ ጋዋን ለብሼ።

ሕክምና የተማርኩት ቻይና፣ ናንጂንግ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ በሽተኛው ግን እንግሊዝኛ አይናገርም! እኔ ደግሞ ማታ ማታ ቪፒኤን ከፍቼ የአማርኛ ዩቲዩብ አያለሁ፣ ከሐበሻ ጋር እበላለሁ፣ ኳስ ሲኖር እንግሊዝኛ ኮሜንታሪ ፈልጌ እከፍታለሁ። የቻይንኛ ፈተናዬን አልፌያለሁ፤ ወረቀቱ አለኝ። ግን ቻይና ውስጥ ኖርኩ ለማለት ይከብደኛል።

አራተኛ ዓመት ላይ አጥንት ክፍል ተመደብኩ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ኦፕራሲዮን የተደረጉ አንዲት እናት ነበሩ፤ አምስተኛ ቀናቸው ነው። እጃቸውን ብርድ ልብሱ ስር እንደከተቱ "ሱዋን፣ ሱዋን" አሉኝ። እኔ ክፍል ውስጥ የተማርኩት "ሱዋን" ኮምጣጣ ማለት ነው፤ እንደ ሎሚ። ስለዚህ የሆድ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ እሳቸው ግራ ገባቸው፤ እኔ ማስታወሻዬ ላይ "ቃር" ብዬ ጽፌ አለፍኩ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ሐኪም ብርድ ልብሱን ሲገልጥ ግራ ባታቸው አብጧል፣ ይሞቃል። አልትራሳውንድ ታዘዘ፤ ደም ሥራቸው ውስጥ ደም ረግቷል። መድኃኒት ተጀምሮላቸው ዳኑ። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ቢሄድ ግን ሊገድላቸው ይችል ነበር። "ሱዋን" ኮምጣጣ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻ ሲዝልና ሲቆረጥም ቻይናዎች የሚሉት ቃል ነው። (እውነቱን ለመናገር ብርድ ልብሱን ገልጬ ባይ ኖሮ ቋንቋም ባላስፈለገኝ። ያንን ስህተት በቋንቋ አላሳብብም።)

ከዚያ በኋላ ነው ሹሹ ክፍል ውስጥ መግባት የጀመርኩት። "ሹሹ" ቻይናዎች በአባት ዕድሜ ያለን ሰው የሚጠሩበት ነው፤ እንደ እኛ "ጋሼ"። የዶርማችን ጠባቂ ነበሩ። በሩ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍላቸው ውስጥ ቴሌቪዥን አለች፤ ሲሲቲቪ 5 ላይ ኤንቢኤ ትከፍታለች። አሜሪካ ማታ ሲሆን እዚያ ጠዋት ስለሆነ ጨዋታው ከቁርስ ጋር ነው የሚመጣው። ሹሹ የያኦ ሚንግ ነገር አይሆንላቸውም። 2 ሜትር ከ29 የሚረዝመው ያኦ በ2002 በአንደኛ ምርጫ ሂዩስተን ሲገባ ሰፈሩ እንዴት እንደጮኸ፣ የግራ እግሩ አጥንት ደጋግሞ እየተሰነጠቀ በ2011 ጫማ ሲሰቅል እንዴት እንዳዘኑ ስንት ጊዜ ነገሩኝ መሰላችሁ። እኔም አዲስ ቃል እሰበስባለሁ፦ አጥንት፣ ስንጥቅ፣ እረፍት።

መጀመሪያ ምንም አይገባኝም ነበር። ተጫዋቾቹን ራሱ በስማቸው አላውቃቸውም። ስቴፈን ከሪ "ኩሊ" ነው የሚባለው፤ መርካቶ ዕቃ የሚሸከም ሰው እየጠሩ እየመሰለኝ ስንት ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። ግን ኳስ የሚገርም አስተማሪ ነው። ኮሜንታተሩ የሚለው ነገር ዓይናችሁ ፊት እየሆነ ነው። ገባ፣ አልገባም፣ ፋውል፣ ሦስት ነጥብ፣ ደከመ፣ ተጎዳ። ያው ቃል በአንድ ጠዋት ሠላሳ ጊዜ ይደጋገማል፣ ያውም በስሜት። ቀጥታ ስለሆነ ደግሞ አቁማችሁ መዝገበ ቃላት አትከፍቱም፤ ካልገባችሁ ጎናችሁ ያለውን ሰው ትጠይቃላችሁ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ጎኔ ሰው ነበረ። ሹሹ የፈላ ውሃና የሱፍ ፍሬ ያቀርባሉ፣ እኔ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው እግራቸውን እየነኩ ያስረዱኛል። ቀና ብዬ ሳስበው የመጀመሪያው የአካል ምርመራ መምህሬ እሳቸው ናቸው።

ጁን 2019 የፍጻሜው አምስተኛ ጨዋታ ቶሮንቶ ላይ ነበር፤ እኛ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት። ኬቨን ዱራንት ባቱን ታሞ ለአንድ ወር ያህል ከርሞ ተመለሰ፣ ሁለተኛው ሩብ ላይ ቀኝ እግሩን ይዞ ተቀመጠ። ኮሜንታተሩ ድምፁ ወረደ፤ "ጌንጂየን" አለ። ከባት ወደ ተረከዝ የሚወርደው ወፍራም ጅማት ማለት ነው። ሹሹ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ተረከዝ ቆነጠጡልኝ። ያንን ቃል እስክሞት አልረሳውም። (ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ለምትጫወቱ፦ ሩጫ ላይ ከኋላ ሰው የረገጣችሁ መስሏችሁ ዞር ስትሉ ማንም ከሌለ፣ በተለይ "ቋ" የሚል ነገር ከሰማችሁ፣ ይሄ ጅማት ሊሆን ይችላል። በሆዳችሁ ተኝታችሁ ሰው ባታችሁን ሲጨምቀው እግራችሁ ካልተንቀሳቀሰ ወጌሻ ጋ ሳይሆን ሆስፒታል ሂዱ።)

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የሂዩስተን ሥራ አስኪያጅ ስለ ሆንግ ኮንግ በጻፈው ነገር የተነሳ ሲሲቲቪ ኤንቢኤ ማስተላለፍ አቆመ። ሹሹ ዝም ብለው ወደ አገራቸው ሊግ ቀየሩት፤ እኔም አብሬ ቀየርኩ። ያኔ ነው ለኳሱ ብቻ እንዳልነበርኩ የገባኝ።

ጃንዋሪ 2020፣ የቻይና አዲስ ዓመት በዓል፣ ኮሮና። ተማሪው ግማሹ ወጥቷል፣ የቀረነው ዶርም ተዘግቶብናል። አንድ ጠዋት ሙቀት ሊለኩኝ በር አንኳኩ፤ ማስክ አድርገዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። "ኮቢ ሄደ" አሉኝ። በቻይንኛ "ሄደ" ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ማንም አላስተማረኝም፤ ገባኝ። ደረጃው ላይ ተራርቀን ተቀምጠን ስለ ኮቢ ብራያንት አወራን። በዚያ ሁሉ ወራት የብቸኝነቱን ነገር የቻልኩት በእንደዚህ ዓይነት ደቂቃዎች ነው፤ ከአማርኛ ዩቲዩቡ እኩል፣ አንዳንዴም በላይ።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ስደት ላይ ያላችሁ፣ ቢያንስ የምትወዱትን አንድ ነገር በአገሬው ቋንቋ እዩ። ኳስ ይሁን፣ የምግብ ዝግጅት ይሁን፣ ድራማ። የአማርኛውን ተዉ አላልኩም! እናትህን በአማርኛ ካላወራህ በምን ልታወራት ነው? ግን ቀኑን ሙሉ በጆሯችን አዲስ አበባ እየኖርን ሕመማችንን ለሌላ አገር ሐኪም መናገር አንችልም። ስልኳን የሚነጥቋት፣ የእረፍት ቀን የሌላት እህት እንዳለች አውቃለሁ፤ እሷን "ለምን አልተማርሽም" የሚል ሰው ቢያፍር ይሻላል። ይሄን የምለው ጊዜውና ስልኩ ላለን ነው።

ለአረብ አገሮቹ ደግሞ ግማሹ በእጃችሁ ነው። "ደም"፣ "ራስ"፣ "ዓይን" በአረብኛም ያው ናቸው ማለት ይቻላል። ሕመም "ወጀዕ" ነው። "ቀልብ" ደግሞ እነሱ ጋ ልብ ነው፤ ደረት ላይ ሲያማችሁ የምትፈልጉት ቃል። ቃሉ ሁሉ ከጠፋ ቦታውን በአንድ ጣት አሳዩ፣ የጀመረበትን ቀን በጣት ቁጠሩ። ከኦፕራሲዮን፣ ከወሊድ ወይም ከረጅም በረራ በኋላ አንድ ባት ብቻ ካበጠና ከሞቀ ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ፤ ትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

አሁን አዲስ አበባ ነኝ። የፍጻሜ ጨዋታ እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው የሚጀምረው፤ እኔም ቻይንኛውን ፈልጌ ድምፁን ቀንሼ እከፍታለሁ። እህቴ "ደሞ ቻይናው መጣ" ትላለች። ስለ እንቅልፍ የጻፍኩትን ያነበባችሁ እንዳትታዘቡኝ፤ በነጋታው ተረኛ ካልሆንኩ ብቻ ነው።

እናንተ ባላችሁበት አገር "እዚህ ጋ ያመኛል" ምን ይባላል? አነባበቡን በፊደላችን አድርጋችሁ ጻፉልኝ፤ ለዚያች እህታችን የአረብኛውን ልኬላታለሁ።