ኮርቻው ከፍ ይበል

ለዕረፍት ጉንችሬ ስንገባ ሳይክል እንከራያለን፣ ካልሆነም ከጎረቤት እንዋሳለን። ኮርቻው ሁሌም ዝቅ ያለ ነው፤ ለሁሉም ይመች ተብሎ ለማንም የማይመች ሆኗል። እኛም ልጆች ሆነን የለመድነው እግራችን መሬት እየነካ ስለሆነ ምንም አንልም። ዳገቱን በተጣጠፈ ጉልበት እንገፋና ማታ ሱጁድ ስንወርድ የጉልበታችን ፊት ይወጋናል። በመንገዱ ግን እናሳብባለን።

መለኪያው ቀላል ነው። ጫማ እንዳደረግን ግድግዳ ይዘን ኮርቻው ላይ እንቀመጥ፤ ፔዳሉን ታች አድርሰን ተረከዛችንን ስናሳርፍበት እግራችን ቀጥ ይበል። ስንነዳ በእግራችን የፊተኛ ክፍል ስለምንረግጥ ጉልበት በመጠኑ ይታጠፋል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ዳሌያችን ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ ወይም ከጉልበታችን ጀርባ ካመመን ከፍታውን አብዝተናል። ኮርቻውን የተሸከመው ቱቦ ላይ ከተሰመረው ምልክት በላይ ማውጣት ደግሞ አደጋ አለው።

ጀማሪ ዝቅ አድርጎ ይልመድ፣ አንከለክልም። የምንቃወመው ሚዛን ከያዘ በኋላም እዚያው መቅረቱን ነው። አከራዩ ዘንድ ቁልፍ አይጠፋም፤ «ከፍ አድርግልን» ማለት ምን ያሳፍራል? የተዋስነውን ስንመልስ ግን ወደነበረበት እናውርደው፤ የባለቤቱ ታናሽ እህት ትነዳው ይሆናል።