በቦሌ ያደረው መንገደኛና የቡሬ ገበሬ

ከቻይና አገር ከጓንግዡ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሌጎስ የሚጓዝ አንድ ነጋዴ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የሚቀጥለው አይሮፕላን የሚነሣው በማግሥቱ ቢሆን፣ ሻንጣውን ተንተርሶ በአግዳሚ ወንበር ላይ እንዲያድር አይደረግም። አየር መንገዱ በራሱ ወጪ ከቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ወዳለው ስካይላይት ሆቴል ይወስደዋል። ይህ ሆቴል በ2011 ዓ.ም. በ373 ክፍሎች ሥራ የጀመረ ሲሆን ዛሬ የክፍሎቹ ቍጥር 1,024 ደርሷል። እንግዳው በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ ቢሻ የአገሩን የቻይና ምግብ፣ ቢሻ የፈረንጁን ይበላል፤ በነጭ አንሶላ ላይ ይተኛል፤ ሲነጋም ቁርሱን በልቶ ይሄዳል። ሌጎስ ሲደርስ ወዳጆቹ «ኢትዮጵያ እንዴት ናት?» ብለው ቢጠይቁት ስለ ትራሱ ልስላሴ ካልሆነ በቀር የሚነግራቸው ነገር የለውም። አይፈረድበትም፤ የተኛ ሰው ምን ያያል?

በዚያችው ሌሊት፣ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቡሬ ገጠር፣ አንድ ገበሬ በርበሬውን በጆንያ ሞልቶ የገበያውን ቀን እየጠበቀ ተኝቷል። የነጋዴውን እንቅልፍና የገበሬውን እንቅልፍ ምን ያገናኛቸዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛም ብዕራችንን ያነሣነው ይህንኑ ለመጠየቅ ነው። ጥያቄውን ነገ በመሥሪያ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ የሚያገኙት ዛሬ በትምህርት ገበታ ላይ ያሉትና ሥራ ከያዙ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ናቸውና።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ ሥራው አገራችንን ከውጭው ዓለም ጋራ ማገናኘት ነበር። ዛሬ በዚህ ላይ ሌላ ሥራ ጨምሯል፤ ይኸውም ሁለት የውጭ አገሮችን በእኛ መሬት ላይ ማገናኘት ነው። አሠራሩ የገበያ ቀንን ይመስላል። ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከዐረብ አገሮች ሌሊቱን ሲበሩ ያደሩ አይሮፕላኖች በማለዳ ተከታትለው ይወርዳሉ፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ሌሎች አይሮፕላኖች መንገደኞቹን ተከፋፍለው ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ። ወደ ማታ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ከአፍሪካ ከተሞች የመጡት ወደ ሌላው ዓለም ይሄዳሉ። ጉዞው ከዚህ ሰዓት ጋራ ያልገጠመለት መንገደኛ ነው እንግዲህ ሆቴል የሚገባው።

በ2017 የበጀት ዓመት አየር መንገዱ ያጓጓዛቸው መንገደኞች 19 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ ገቢውም ወደ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። በጥር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ፣ 12.5 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል የተባለው አዲሱ የአይሮፕላን ማረፊያ ሥራ ተጀምሯል፤ የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ታስቧል። መንገደኛው ሲበዛ የሚያድረውም ይበዛል። የሚያድረው ሲበዛ ደግሞ እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ማሩና ሥጋው ከወዴት ይመጣል?

እንግዳ ማሳደር ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። በእግርና በበቅሎ ዘመን፣ ፀሐይ የጠለቀችበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል፣ ባለቤቱ «ይግቡ፤ ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባው ነበር። እግሩ ይታጠባል፤ ከምድጃው አጠገብ ቦታ ይለቀቅለታል። ጠላው ከራሱ ከባለቤቱ ገብስና ጌሾ፣ እንጀራው ከራሱ ጤፍ፣ ማሩ ከራሱ ቀፎ፣ የሚያነጥፍለትም አጎዛ ከራሱ በግ የተገኘ ነው። ከጨው በቀር በዚያ ቤት ውስጥ ከሩቅ የመጣ ነገር ማግኘት ያስቸግር ነበር። እንግዳው ሳይከፍል ይሄዳል፤ ቤቱ ግን ለእንግዳው ሲል ምንም ነገር ከውጭ አልገዛም።

ቡሬ ደግሞ የወለጋና የጎጃም ነጋዴ የሚገናኝባት መንታ መንገድ ናት፤ ዛሬም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚሄደው መንገድ የሚነሣው ከእርሷ ነው። ከዚህም በላይ አንድ ጊዜ የረጅም ዓለም አቀፍ ጉዞ ማረፊያ ሆናለች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. በስደት ሲወጡ በኢየሩሳሌም ያረፉት በኪንግ ዴቪድ ሆቴል ነበር፤ በዘመኑ በመካከለኛው ምሥራቅ ከነበሩት ሆቴሎች በምቾቱ የታወቀ ነው። ሲመለሱ ግን ጉዞው ሌላ ሆነ። በሰኔ 1932 ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው፣ በውሃ ላይ በሚያርፍ አይሮፕላን በማልታ በኩል እስክንድርያ ደረሱ፤ ካርቱም ብዙ ወራት ቆይተው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ወሰኑን ተሻገሩ። ጓዙን የጫኑት ግመሎች አብዛኞቹ ከቆላው እስከ ደጋው ድረስ በመንገድ አለቁ። የጣልያን ጦር ቡሬን ለቆ ከወጣ በኋላ ንጉሡ በመጋቢት እዚያው አረፉ፤ መጋቢት 28 ቀንም ደብረ ማርቆስ ገቡ። የቡሬው ማረፊያ ከኢየሩሳሌሙ ጋራ በአልጋም በምግብም አይወዳደርም፤ ነገር ግን የቡሬ አገር ሰው ለእንግዳው ያቀረበው የራሱን ነው።

ወደ ዛሬው ነገር እንመለስ። አንድ ትልቅ ሆቴል ከገበሬ የሚፈልገው ብዙ እህል ብቻ አይደለም። እንቁላሉ በመጠኑ አንድ ዓይነት እንዲሆን፣ ዘወትር ጎሕ ሳይቀድ እንዲደርስ፣ ወተቱ ከታለበበት ሰዓት ጀምሮ ቀዝቅዞ እንዲጓዝ፣ ማሩ ሰምና ንብ እንዳይገኝበት፣ በርበሬው በእርጥበት ሻግቶ በላብራቶሪ ምርመራ እንዳይወድቅ፣ በመጨረሻም ሻጩ ሕጋዊ ደረሰኝ እንዲቈርጥ ይፈልጋል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ የጎደለ እንደሆነ የሆቴሉ ገዢ ስልኩን አንሥቶ ከአስመጪ ነጋዴ ያዛል። ይህን ስላደረገ አገሩን አይወድም ማለት አይደለም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቁርስ የሚጠብቁት እንግዶች አሉበት።

ገበሬው ያለው ሌላ ነው፤ መሬት፣ ዝናብና ጕልበት። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በቆሎና በርበሬ እንደ ልብ ይመረታል፤ ማሩም የታወቀ ነው። ነገር ግን ከአንዱ ቤት ሠላሳ እንቁላል፣ ከሌላው አምስት ሊትር ወተት የሚሰበስብ፣ የሚለይ፣ የሚያሽግ በመካከል ያስፈልጋል። መነሻው የለም አይባልም። ፍኖተ ሰላም ላይ የዳሞት ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን አለ። ቡሬ ላይ በአገሪቱ ከተቋቋሙት አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኮች አንዱ ይገኛል፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር እንዲያመርት የታቀደ ነው። እኛ እንደሚመስለን የጎደለው ፋብሪካ ብቻ አይደለም። ከፋብሪካው በር እስከ ገበሬው ማሳ ያለውን አሥርና ሃያ ኪሎ ሜትር የሚሠራበት ሰው አንሷል።

ሌላም የሚከብድ ነገር አለ። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በዚያው መንገድ ላይ አውቶቡስና የጭነት መኪና የቆመበት ቀን ብዙ ነው። በቆሎ መንገድ እስኪከፈት ድረስ ጎተራ ውስጥ ሊጠብቅ ይችላል፤ ወተት ግን አይጠብቅም። ከጓንግዡ እስከ ቦሌ ያለውን ሰማይ አንድ ሰው ተኝቶ ሲያቋርጠው፣ ከቡሬ እስከ ቦሌ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር አንድ ጣሳ ወተት ሳይበላሽ ማቋረጥ አልቻለም። ስለ ልማት የሚጻፍ ማናቸውም ዕቅድ ይህን ነገር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ካላነሣ፣ የተቀረው ገጽ ባይነበብም ብዙ አይጎዳም።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንጨምር። በአየርላንድ ምዕራብ ሻነን የሚባል ስፍራ አለ፤ ገጠር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚሻገሩ አይሮፕላኖች ነዳጅ ለመቅዳት እዚያ ማረፍ ነበረባቸው። የአካባቢው ሰዎች እንግዳው የሚያርፍባትን ሰዓት በከንቱ አላሳለፏትም። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1947 ከቀረጥ ነፃ የሆነ መደብር ከፈቱ፤ በዓለም ላይ የመጀመሪያው እርሱ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በአቅራቢያው በነበረው የፎይንስ ማረፊያ አንድ ምግብ አብሳይ ብርድ ለመታቸው መንገደኞች በቡና ላይ የአገሩን ውስኪና የአገሩን ክሬም ጨምሮ አቀረበ፤ «አይሪሽ ኮፊ» እየተባለ ዛሬ በየአገሩ ይጠጣል። የሚያስቀናው ነገር ቡናው የእነርሱ አለመሆኑ ነው። ቡናው የእኛ የሆነው ምን ፈጠርን?

የሻነን ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። ሩቅ የሚበሩ የጄት አይሮፕላኖች ሲመጡ ነዳጅ ለመቅዳት የሚያርፍ እየቀነሰ ሄደ። በ1959 ከማረፊያው አጠገብ ነፃ የኢንዱስትሪ ቀጠና አቋቁመው ወደ ፋብሪካ ሥራ የገቡት ስለዚህ ነው። የእኛም ቦሌና ቢሾፍቱ በመንገደኛው መልካም ፈቃድ ላይ ለዘለዓለም የሚኖሩ አይደሉም፤ ዱባይና ዶሃ አሉ፤ ከእስያ አፍሪካ ድረስ ሳያርፍ የሚበር አይሮፕላንም አለ። ዱባይና ዶሃ የሌላቸው የሚታረስ መሬት ነው።

አንድ ወዳጃችን ይህን ሐሳብ ሰምቶ «የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት የምዕራብ ጎጃምን ምርት ይጨርሰዋል ወይ?» ሲል ተሳለቀብን። እውነቱን ነው፤ አይጨርሰውም። ከ1,000 ክፍል የሚወጣ እንግዳ ቁርሱን ቢደጋግም እንኳ የአንዱን ወረዳ እንቁላል መጨረሱን እንጠራጠራለን። ነገር ግን በሰማይ ላይ የሚበላም አለ፤ 19 ሚሊዮኑ መንገደኛ በአይሮፕላን ውስጥ ምግብ ይቀርብለታል። ደግሞም ለስካይላይት ገዢ የሚበቃ እንቁላል ያቀረበ ማኅበር ለአዲስ አበባ ሆስፒታልና ለዩኒቨርሲቲ ማቅረብ አያቅተውም፤ ዕቃውንም አሽጎ በዚያው መንገደኛውን በጫነው አይሮፕላን ሆድ ውስጥ ወደ ውጭ ሊልክ ይችላል። እንግዳው አንድ ሌሊት አድሮ ይሄዳል፤ ማኅበሩ የለመደው ሥራ ግን ከማኅበሩ ጋራ ይቀራል።

አሁን የቢሾፍቱው መሬት እየተቈፈረ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ2022 ዓ.ም. ገደማ ይጠናቀቃል ተብሏል። ከተሻሻለ ዘር ዛሬ የተወለደች ጥጃ አድጋ እስክትታለብ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጅባታል።