ተሳቢን የሚያረጋጋው ማያያዣው ነው ወይስ አጫጫኑ?

በአገራችን «ተሳቢ» ሲባል የአብዛኛው አንባቢ አእምሮ የሚሄደው ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭኖ ወደሚመጣው ከባድ መኪና ነው። ያ ተሳቢ ከፊትም ከኋላም የራሱ ጎማዎች ስላሉት ክብደቱን ራሱ ይሸከማል፤ ከጎታቹ መኪና የሚፈልገው መጎተትን ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ሌላውን ዓይነት ነው። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ቤተሰቦች ለዕረፍት ሲወጡ ከፒክአፕ ኋላ አስረው የሚጎትቱት ተንቀሳቃሽ ቤት ጎማዎቹ የሚገኙት ከመካከሉ አካባቢ በመሆኑ፣ የፊት ጫፉ በመኪናው ጀርባ በተተከለ የብረት ኳስ ላይ ያርፋል። በአሠራሩ ከከባድ መኪናው ተሳቢ ይልቅ የሚቀርበው የእኛን የፈረስ ጋሪ ነው።

ባለጋሪ ፊዚክስ ባይማርም ሕጉን ያውቀዋል። ጭነቱ ወደፊት ሲበዛ የፈረሱ ጀርባ ይጎዳል፤ ወደኋላ ሲያጋድል ደግሞ የጋሪው ዘንጎች ሽቅብ ይነሣሉ። ስለዚህ ክብደቱን ከመንኰራኩሩ ጥቂት ወደፊት አድርጎ ያመዛዝናል። የሰሜን አሜሪካ ተሳቢ ጎታቾችም ይህንኑ ልማድ በቁጥር አስቀምጠውታል፤ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በኳሱ ላይ ማረፍ አለበት ይላሉ።

በዚያ ገበያ ላይ «ክብደት አከፋፋይና መወዛወዝን ተከላካይ» እየተባለ የሚሸጥ ማያያዣ አለ። ገዢዎች ዘወትር የሚጠይቁት «ቀላሉ የትኛው ነው? ከመወዛወዝስ የሚያድነው የትኛው ነው?» እያሉ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የዚህን መሣሪያ ሁለት ተግባራት ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ተግባር ክብደትን ማከፋፈል ነው። 2500 ኪ.ግ. የሚመዝን ተሳቢ 300 ኪ.ግ. ማለትም 12 በመቶውን በኳሱ ላይ ያሳርፋል እንበል። የመኪናው የፊትና የኋላ ጎማዎች በ3.2 ሜትር ይራራቃሉ፤ ኳሱም ከኋላ ጎማዎች 1.2 ሜትር ወደኋላ ይገኛል። በዚህ ጊዜ መኪናው ራሱ መፈንቅል፣ የኋላ ጎማውም መደገፊያ ይሆናል። 300ን በ1.2 አባዝተን ለ3.2 ስናካፍል ከፊት ጎማዎች ላይ 112 ኪ.ግ. ያህል እንደሚነሣ እናገኛለን፤ በኋላዎቹ ላይ ደግሞ 412 ኪ.ግ. ያህል ይጨመራል። መሪውን የሚታዘዘውና የፍሬኑን አብዛኛውን ሥራ የሚሸከመው የፊት ጎማ መሬት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል ማለት ነው።

ማያያዣው ይህን የሚያርመው ከኳሱ ሥር ወደ ተሳቢው በተዘረጉ ሁለት የብረት ዘንጎች ነው፤ ጫፎቻቸው በሰንሰለት ወደ ተሳቢው ቻሲስ ሽቅብ ይሳባሉ። ዘንጎቹ 75 ሴ.ሜ. ቢረዝሙ፣ የተሳቢው ጎማ ከኳሱ 5 ሜትር ቢርቅና እያንዳንዱ ሰንሰለት በ97 ኪ.ግ. ያህል ቢወጠር፣ የፊት ጎማዎቹ ከጎደለባቸው ግማሹን፣ 56 ኪ.ግ. ያህሉን፣ መልሰው ያገኛሉ። የተሳቢው ጎማዎች 29 ኪ.ግ. ይረከባሉ፤ የመኪናው የኋላ ጎማዎች ደግሞ 85 ኪ.ግ. ይቀልላቸዋል። 56 እና 29 ሲደመሩ 85 ነው፤ ክብደቱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

የማያያዣው የራሱ ክብደት የሚያሳስበውም በዚሁ ስሌት ነው። የተለመደው ዓይነት 45 ኪ.ግ. ያህል ሲመዝን ቀላሎቹ ከ30 ኪ.ግ. በታች ይመዝናሉ። የ15 ኪ.ግ. ልዩነት በኳሱ ቦታ ሲንጠለጠል በኋላ ጎማዎች ላይ 21 ኪ.ግ. ያህል ይሆናል። የመሸከም አቅሙ ውስን ለሆነ መኪና ይህ ትንሽ አይደለም፤ ለሚያነሣውም ሰው ወገብ እፎይታ ነው። ሆኖም ቀላል መሆኑ ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይችልም። ማያያዣው የተሠራለት የክብደት ልክ ተሳቢው ውኃውንና ጓዙን ሁሉ ከጫነ በኋላ በኳሱ ላይ ከሚያሳርፈው ማነስ የለበትም። ክብደት አከፋፋይ ማያያዣን ጨርሶ የማይፈቅዱ የመኪና አምራቾችም ስላሉ መመሪያውን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

ሁለተኛው ተግባር መወዛወዝን መከላከል ሲሆን የሰው ሕይወት አደጋ ላይ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ተሳቢ በነፋስ ወይም አጠገቡ በሚያልፍ ትልቅ መኪና ተገፍቶ ወደ ጎን ሲሄድ ጎማዎቹ ይቃወሙታል፤ ውዝዋዜውም ይበርዳል። የዚህ ተቃውሞ መጠን የሚወሰነው የጎን እንቅስቃሴው ከወደፊቱ ፍጥነት ጋር ባለው ንጽጽር ስለሆነ፣ መኪናው በፈጠነ መጠን ተቃውሞው ይደክማል። ከአንድ የፍጥነት ወሰን በላይ ተሳቢውና መኪናው እየተገፋፉ ውዝዋዜውን ያሳድጉታል እንጂ አያበርዱትም። በጀርመን ተሳቢ የሚጎትት የቤት መኪና በመደበኛው ከ80 ኪ.ሜ. በሰዓት እንዳያልፍ፣ ልዩ መስፈርት ሲያሟላም በ100 እንዲወሰን መደረጉ ከዚህ እውነታ ጋር የሚስማማ ነው።

ብዙዎቹ መወዛወዝን ተከላካይ መሣሪያዎች የሚሠሩት በሰበቃ ነው። የሰበቃ ኃይል መጠን በአመዛኙ የማይለወጥ ስለሆነ በእያንዳንዱ ውዝዋዜ የሚያጠፋው ጉልበት ከውዝዋዜው ስፋት ጋር በቀጥታ ያድጋል። ከወሰን በላይ በሚፈጥን ተሳቢ ውስጥ የሚገባው ጉልበት ግን የሚያድገው ከስፋቱ ካሬ ጋር ነው። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ሰበቃ የሚያጠፋው እጥፍ፣ የሚገባው ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሰበቃ ትንሹን ውዝዋዜ ሲያሸንፍ በትልቁ ይሸነፋል።

ከዚህ ተነሥቼ የምደርስበት አቋም ግልጽ ነው። በትክክል ያልተጫነ ተሳቢ በዝቅተኛ ፍጥነት ጭራውን እየነቀነቀ ያስጠነቅቃል። መሣሪያው ያንን ማስጠንቀቂያ ዝም ካሰኘው ነጂው ተማምኖ ይፈጥናል፤ ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ግን መሣሪያው ከአቅሙ በላይ የሆነ ውዝዋዜ ይገጥመዋል። ተከራካሪዎች መሣሪያው በነፋሻማ ሜዳ ላይ የነጂውን ድካም እንደሚቀንስ ይናገራሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ የሚጠቅመው አስቀድሞ የተረጋጋውን ተሳቢ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው መፍትሔው ከአጫጫን ይጀምራል። 100 ኪ.ግ. ዕቃ ከክብደት ማዕከሉ በግማሽ ሜትር ርቀት ሲቀመጥ ለተሳቢው የመዞር ኢነርሻ የሚጨምረው 25 ሲሆን፣ በ2.5 ሜትር ርቀት ሲቀመጥ 625 ኪ.ግ. ካሬ ሜትር ነው፤ ርቀቱ አምስት እጥፍ፣ ውጤቱ ሃያ አምስት እጥፍ። ስለሆነም ከባዱ ዕቃ ከጎማዎቹ አጠገብ፣ ጥቂት ወደፊት፣ ዝቅ ብሎ ይጫን። ቀጥሎ በኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት በሚዛን ይለካ። ከዚያ በኋላ ማያያዣ ይመረጥ፤ ልኩን ከሚያሟሉት መካከልም ቀላሉ ይወሰድ። ፍጥነት ምንጊዜም ይገደብ። ውዝዋዜ ከጀመረም መሪን ከማጣመምና የመኪናውን ፍሬን በኃይል ከመርገጥ ተቆጥቦ፣ እግርን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀስ ብሎ ማንሣት፣ የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው መያዝ የሚቻል ከሆነም እርሱን መጠቀም ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እጅግ የራቀ ቀመር የለም፤ መፈንቅል፣ ሰበቃና ኢነርሻ ናቸው። የመማሪያ መጽሐፋችሁን ምዕራፎች ስታጠኑ በፈተና ወረቀት ብቻ አትመዝኗቸው። በጎዳና ላይ ተሳቢ ወይም ጋሪ ስታዩ ክብደቱ የት እንዳረፈ ጠይቁ፤ ቁጥሮቹንም ራሳችሁ አስሉ።