መድፉን እያደነቁ ቀጥቃጩን መናቅ እስከ መቼ?

የአንድ ኅብረተሰብ ንቃተ ኅሊና ከሚመዘንባቸው ነገሮች አንዱ፣ የሚያከብረውን ዕቃ ከሠሪው እጅ ጋር አያይዞ ለማየት መቻሉ ነው። ይህን ለማስረዳት ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት ትንሽ ወረቀት ትረዳናለች። ይህችውም የእንጨት የጦር መርከብ መድፍ የታተመባት የድሮ ፖስት ካርድ ናት።

በእንግሊዝ አገር በፖርትስማውዝ ወደብ የምትገኘው ቪክቶሪ የተባለችው መርከብ ከ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ጀምሮ በልዩ ልዩ ፖስት ካርዶች ላይ እየታተመች ስትሸጥ ኖራለች። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የሚያሳዩት በመርከቢቱ ሆድ ውስጥ የተደረደሩትን መድፎች ነው። ጥቁር የብረት አፈሙዝ፣ በአራት መንኮራኩሮች ላይ የተቀመጠ የእንጨት ሠረገላ፣ በሥርዓት የተጠቀለለ ገመድ፣ ተወልውሎ የሚያበራ ወለል ይታያል። ሰው ግን የለም።

እንደሚታወቀው ይህች መርከብ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1765 ወደ ባሕር ወረደች። እርስዋን ለመሥራት 6,000 ያህል ዛፎች፣ አብዛኛዎቹም ጠንካራ የሆነው የኦክ ዛፍ፣ ተቆርጠዋል። በ1805 በትራፋልጋር በተደረገው የባሕር ጦርነት ላይ 104 መድፎችና 820 ያህል ሰዎች ተጭነውባት ነበር። ከታችኛው ወለል ላይ የነበሩት ትልልቆቹ መድፎች እያንዳንዳቸው ወደ 3 ቶን የሚጠጉ ሲሆኑ፣ የሚተኩሱትም ከ14 ኪሎ በላይ የሚመዝን ድፍን የብረት አሎሎ ነው። መድፉ በተተኮሰ ቁጥር በኋላው ወደ ውስጥ ስለሚንደረደር በወፍራም ገመድ ይያዛል፤ ከዚያም አፈሙዙ ተጠርጎ፣ ባሩዱና አሎሎው ተጠቅጥቆ፣ ብዙ ሰዎች ተረባርበው በገመድ እየጎተቱ ወደ መስኮቱ ይመልሱታል። ባሩዱን ከታች ከግምጃ ቤቱ እያመላለሱ ካቀበሉት መካከል ልጆች ነበሩ። ከባሕረኞቹም ብዙዎቹ በውድ የገቡ ሳይሆኑ በጉልበት ታፍሰው የተጫኑ ድኾች ናቸው። የአድሚራል ኔልሰን ስም ግን ከለንደን አልፎ በዓለም ሁሉ ይታወቃል። በሐውልት ላይ ቆሞ ዛሬም ቁልቁል ይመለከታል።

የዚህ ዓይነቱ የባሕር ኃይል መሣሪያ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር በዙላ ባሕር ዳርቻ ሠራዊቱን ሲያወርድ፣ ከጦር መርከቦቹ የወረዱ ባሕረኞች የሮኬት መተኮሻቸውን በበቅሎ ጭነው እስከ መቅደላ ተጉዘዋል። ከበድ ያሉትን መድፎች የተሸከሙት ከህንድ አገር የመጡ 44 ዝሆኖች ናቸው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት፣ ከእንግሊዞች ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ።

በእንግሊዝ የመርከብ መድፍ በፖስት ካርድ እንደሚሸጥ ሁሉ፣ በእኛም አገር ሴባስቶፖል የአገር መኩሪያ ሆኖ በሥዕልና በፎቶግራፍ ይታያል። ምስሉ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ ዋናው መድፍ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል ይባላል። ስሙም በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ የባሕር ኃይል ከተማ የተወሰደ ነው። የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ነው። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርንና ሳልሙለርን የመሰሉ ወንጌልን ለመስበክ የመጡ የእጅ ሙያተኞች በንጉሡ ትእዛዝ መድፍ እንዲያቀልጡ ሲገደዱ ሙያውን አያውቁትም ነበር፤ ደጋግሞ ከከሸፈባቸው በኋላ ተሳካላቸው። የእነርሱ ስም በየመጽሐፉ ተጽፏል። ማዕድኑን የተሸከመው፣ ከሰሉን ያከሰለው፣ ወናፉን የነፋው፣ ጭቃውን አቡክቶ ቅርጹን ያበጀው ኢትዮጵያዊ ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ገደል እየናዱ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ በስድስት ወር ውስጥ በጠፍር እየጎተቱ ያደረሱት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችም ስም የላቸውም። ይህን ስንል የንጉሡን አርቆ አሳቢነት ለመካድ አይደለም። የጋፋት ሥራ በግዳጅ የተካሄደ መሆኑን፣ ሠራዊቱም በመጨረሻው ዘመን ገበሬውን እየዘረፈ ይኖር እንደነበር ግን ታሪክ አይሰውርም።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ቅራኔ ይታያል። ሴባስቶፖልን የሚያደንቀው ያው ኅብረተሰብ ብረት የሚያቀልጠውን ሰው ሲንቅ ኖሯል። ቀጥቃጩ ቡዳ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ እየተባለ ተሰድቧል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን የሚሰድብ እንዲቀጣ ማወጃቸው፣ ስድቡ እስከ ምን ድረስ ሥር ሰድዶ እንደነበር ያሳያል። ማረሻውን ከቀጥቃጩ ገዝቶ፣ በማረሻው ያመረተውን እህል ከቀጥቃጩ ጋር በአንድ ገበታ አልበላም ማለት የፊውዳሉ ሥርዓት ካወረሰን አስተሳሰቦች ሁሉ እጅግ አሳፋሪው ነው።

የአርባ ምንጭና የጋሞ ደጋ ነዋሪ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የምኒልክ ጦር ወደ ጋሞ ሲዘልቅ፣ ነፍጥ የያዘው በገበሬው ጉልበት ላይ ተተከለ። ነፍጠኛ የሚለው ስም ራሱ ከመሣሪያው የወጣ ነው። ገባሩ እያረሰ፣ እየፈጨ፣ እንጨት እየተሸከመ ባለ ጠመንጃውን ሲቀልብ ኖሮ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከቀንበሩ ተላቀቀ። በሌላ በኩል የጋሞ ሸማኔ እንጀራውን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ፣ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ የመኳንንቱን ጥበብ ሲሸምን፣ ኩታውን የለበሰው ሁሉ ሸማኔውን በቁጢቱ ሲሰድበው ኖሯል።

ታዲያ ይህ በደል የደረሰበት ሕዝብ በገዛ ቀዬው ምን አደረገ? እውነቱን ሳንሸፋፍን መናገር ይገባናል። በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪው ማና፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ደጋላ ተብሎ ከማላው ተለይቷል። ለረጅም ዘመን በዱቡሻው ጉባኤ ከማላው ጋር እኩል ቃል አልነበረውም፤ በጋብቻ አይፈለግም፤ መቃብሩም ሳይቀር የተለየበት ስፍራ አለ። በአዲስ አበባ የተሰደበው ሸማኔ ለመስቀል አገሩ ሲገባ የሸክላ ሠሪዋን ደጃፍ ሳይረግጥ ያልፋል። ከላይ የወረደበትን ንቀት ወደ ታች አስተላለፈው ማለት ነው! የ1967ቱ አዋጅ መሬትን በግል ጉልበቱ ለሚያለማ ሁሉ ፈቅዷል፤ በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥትም ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። ይሁን እንጂ አዋጅ ማዕድ አያቀርብም፣ ልጅም አይድርም። ጋብቻን በሚመለከት ልማዱ ዛሬም ብዙ ቤት ውስጥ እንዳለ የቀበሌ ነዋሪ ሁሉ ያውቃል።

አንዳንዶች ይህ የአባቶች ሥርዓት ስለሆነ አይነካም ይላሉ። የአባቶች ሥርዓት ግን አንድ ወገን ብቻ ያለው አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሣውን ወጣት የመለሱት መሣሪያ የያዙ ሰዎች አልነበሩም። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው ለመኑት፤ ወጣቱም ተመለሰ። ይህን ያህል ሥልጣን ያለው ሽምግልና፣ ሸክላ ሠሪዋን ከቤቱ ደጃፍ የሚያቆመውን ልማድ ለማንሣት ዐቅም ያንሰዋል ብሎ የሚያምን ሰው ያለ አይመስለንም።

በመሆኑም ጉዳዩ ከሽማግሌዎች ቀጥሎ የሚመለከተው የቀበሌ ነዋሪዎችንና ሠራተኞችን ነው። በሴቻም ሆነ በሲቀላ እያንዳንዱ ዕድር መዝገቡን ይግለጥ። ከአባላቱ መካከል የሸክላ ሠሪና የቆዳ ፋቂ ቤተሰብ ምን ያህል ነው? ካልተመዘገቡስ ክልከላው በመተዳደሪያ ደንቡ ተጽፏል ወይስ በሹክሹክታ የኖረ ነው? በሹክሹክታ የኖረ ከሆነ በጠቅላላ ጉባኤ በግልጽ ተነሥቶ፣ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይሻር። በለቅሶ ቤት ውኃ የሚቀዳበት እንስራና ቡና የሚፈላበት ጀበና ከድንኳኑ ውስጥ ገብተዋል። ያበጀቻቸው ሴት ግን በብዙ ስፍራ ገና ከድንኳኑ ውጭ ቆማለች፤ የሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ከዚህ ይጀምር።