ሰባቱ ቤቶችና ቁልቁል የሚወርደው መንገድ

በዛሬው ዓምዳችን ከወትሮው ራቅ ብለን አንዲት የገጠር መንደር ልናስተዋውቃችሁ ነው። መንደሯ የምትገኘው በኢንዶኔዥያ ነው። ኢንዶኔዥያ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከ17,000 በላይ ደሴቶችን የያዘች፣ በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከ270 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የተገኘባት ሰፊ አገር ናት። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን። «ይህን ያህል ርቀን ምን ልናይ ነው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እስከ መጨረሻው አብራችሁን ከዘለቃችሁ ምክንያታችንን ታገኙታላችሁ።

የመንደሯ ስም ዋኤ ሬቦ ይባላል። ፍሎሬስ በተባለችው ደሴት፣ በማንጋራይ ሕዝብ አገር፣ ከባሕር ወለል ከ1,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ላይ ዙሪያዋን በተራራና በደን ተከባ ትገኛለች። መኪና አይደርስባትም። ከታች ካሉት መንደሮች ተነሥቶ ዳገቱን ለሚወጣ ሰው ሦስት ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ መንገዱ ያዳልጣል፣ አልቅትም አይታጣበትም። ሩዙና ጨው በሰው ትከሻ ይወጣል፤ ቡናው በሰው ትከሻ ይወርዳል። የመንደሯ ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት፣ ኤምፖ ማሮ የተባለው የዘራቸው አባት ሱማትራ ከተባለችው ሩቅ ደሴት ተነሥቶ፣ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ኖሮ በመጨረሻ እዚህ ሰፈረ።

ከገጠር የመጣ ወገናችን የዋኤ ሬቦን ፎቶግራፍ ቢያይ «ይኼማ ጎጆ ነው!» ማለቱ አይቀርም። ቤቶቹ ክብ ናቸው፤ ክዳናቸውም ሣርና የዘንባባ ጭረት ነው። ልዩነቱ ግድግዳ የሌላቸው መሆኑ ነው፤ ክዳኑ ከጫፉ ጀምሮ እየሰፋ እስከ መሬት ድረስ ይወርዳል። እንጨቱ የሚያያዘው በምስማር ሳይሆን በሐረግ ታስሮ ነው። እነዚህ ቤቶች በአገሬው ቋንቋ «ምባሩ ኒያንግ» ይባላሉ፤ ቁጥራቸውም ሰባት ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ስድስት ያህል ቤተሰቦች፣ በትልቁ ቤት ደግሞ ስምንት ቤተሰቦች አብረው ይኖራሉ። ምድጃው መካከል ላይ ነው፤ ጢሱም ወደ ላይ እየወጣ እንጨቱን ከነቀዝ ይጠብቃል።

ቤቱ በውስጡ አምስት ደርብ አለው። ታችኛው መኖሪያ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቆጥ የምግብና የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ሦስተኛው ለሚቀጥለው ዓመት የሚዘራው ዘር የሚቀመጥበት፣ አራተኛው ለድርቅ ዘመን የሚሆን ቀለብ የሚጠራቀምበት፣ የመጨረሻው ደግሞ ለአባቶች መታሰቢያ የሚቀርበው የሚቀመጥበት ነው። እነዚህ ሰዎች የዛሬውን፣ የነገውንና የክፉ ቀኑን ስንቅ፣ የአባቶቻቸውንም መታሰቢያ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው ያስቀመጡት።

ይሁን እንጂ ቤቱ ዘላለማዊ አይደለም። ሣሩ ይበሰብሳል፣ ምሰሶው ይደክማል። ለማደስ ብዙ እንጨት፣ ብዙ ጉልበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በ2008 ዮሪ አንታር የተባለው የጃካርታ አርክቴክትና ጓደኞቹ ወደዚያ ሲወጡ፣ ከሰባቱ ቤቶች ቆመው ያገኟቸው አራቱን ብቻ ነበር። እነዚህ የከተማ ሰዎች ታዲያ «እኛ ንድፍ እንሠራላችኋለን» አላሉም። በጎ አድራጊዎችን አስተባብረው ገንዘብ አገኙ፤ ግንባታውን ግን የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው በሽማግሌዎቻቸው መሪነት እንዲያካሂዱት ተደረገ። የኮሌጅ ተማሪዎችም ወጥተው እያንዳንዱ እንጨት እንዴት እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚታሰር እያዩ መዘገቡ። በ2011 ሰባቱም ቤቶች ቆሙ። በ2012 ዩኔስኮ ለእስያና ለፓሲፊክ አገሮች ቅርስ ጥበቃ ከሚሰጣቸው ሽልማቶች ከፍተኛውን ለዚህ ሥራ ሰጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ያ ሥራ ለጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ቢገኝም ዕውቀቱ ላይገኝ ይችል ነበር። ቤት የመሥራቱ ጥበብ በወረቀት አልተጻፈም፤ በሽማግሌዎቹ እጅና ዓይን ውስጥ ነበር። ወጣቶቹ የተማሩት አብረው እንጨት ሲሸከሙ፣ አብረው ሲያስሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ቤቶቹ ቆሙ፤ ልጆቹ ግን የት ናቸው? ትምህርት ቤቱ ያለው ከተራራው ሥር፣ ኮምቦ በምትባለው መንደር ነው። ትንሽ ልጅ በየቀኑ ያን ዳገት ወጥቶ ወርዶ ሊማር አይችልም። ስለዚህ ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ ልጁ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዘመድ ወይም ከወላጆቹ ከአንዱ ጋር እዚያው ይቀመጣል፤ ወደ ላይ የሚመለሰው ትምህርት ሲዘጋ ነው። ብዙ ቤተሰብም ሁለት ኑሮ ይኖራል፤ አንድ እግሩ በላይ በቡናው ማሳ፣ ሌላው እግሩ በታች በትምህርት ቤቱ ደጃፍ። ልጁ ሲያድግና ከፍ ወዳለው ትምህርት ሲዘልቅ ደግሞ ይበልጥ ይርቃል። የማንጋራይ ዋና ከተማ ሩቴንግ ናት፤ የጎብኚዎቹ ከተማ ላቡዋን ባጆ ናት። ከዚህ ክፍለ አገር ብዙ ሰዎች እስከ ማሌዥያ ድረስ ተሻግረው በዘንባባ ዘይት እርሻዎች ውስጥ የጉልበት ሥራ ይሠራሉ። ከገጠር ወደ ከተማ የሚደረገው ፍልሰት በአገሪቱ ሁሉ ስላለ፣ ዛሬ ከኢንዶኔዥያ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው በከተማ ነው።

ታዲያ ላይ የቀሩት በምን ይተዳደራሉ? በመጀመሪያ ደረጃ በቡና ነው። ይህን ስንጽፍ ፈገግ ማለታችን አልቀረም፤ ምክንያቱም አረቢካ የሚባለው ቡና መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ደን ነው። ከዚያ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሕንድ ተሻገረ፤ ሆላንዳውያንም በ1690ዎቹ ከሕንድ ወደ ጃቫ ደሴት ወሰዱት። በዋኤ ሬቦ ሴቶቹ ቡናውን ያሰጣሉ፣ በሙቀጫ ይወቅጣሉ፤ ለእንግዳም ቡና አፍልተው ያቀርባሉ።

ሁለተኛው መተዳደሪያቸው እንግዳ ነው። ቤቶቹ ከታደሱ ወዲህ ጎብኚ በዛ። ሥርዓቱም ጥብቅ ነው፤ የመጣ ሰው በመጀመሪያ ወደ ትልቁ ቤት ገብቶ በሽማግሌው አንደበት ለአባቶች መንፈስ ሳይነገርለት ፎቶግራፍ እንኳ ማንሳት አይፈቀድለትም። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የእንግዳ ገቢ የማይታመን ገቢ ነው። በ2020 የኮሮና በሽታ ሲመጣ መንገዱ ተዘግቶ እንግዳ ቀረ። ማሳውን ያልተወ ሰው ግን ቡናው ነበረው። አራተኛውን ደርብ የሠሩት አባቶች የክፉ ቀን ስንቅ ለምን እንዳሰቡ በዚያን ጊዜ በደንብ ታወቀ።

ከመንግሥት በኩልም ለውጥ አለ። በ2014 በአገሪቱ የወጣው የመንደሮች ሕግ ከ2015 ጀምሮ ከ70,000 በላይ ለሆኑ የገጠር መንደሮች በየዓመቱ በጀት በቀጥታ እንዲደርሳቸው አድርጓል። ገንዘቡ መንገድ፣ የውኃ መስመር፣ የጤና አገልግሎትና የመሳሰለው ላይ እንዲውል ነዋሪው ተሰብስቦ ይመክራል። በአንዳንድ ቦታ የመንደር ሹማምንት ገንዘቡን በልተው ተከሰዋል። ቢሆንም «የሚያስፈልገንን የምናውቀው እኛ ነን» የሚለው አሳብ በሕግ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው።

ውድ ወገኖቻችን፣ ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በየቤታችሁ ስንገባ ብዙ ጊዜ የምንሰማው «ልጃችንን ለትምህርት ሰጠን፤ አሁን ግን ቋንቋችንን አይሰማም፣ ቤትም ሲመጣ እንግዳ ሆኗል» የሚል ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ በፕኒሚያ ነበር የተማሩት። ከመካከላቸው ዛሬ ሐኪም፣ መምህርና መኮንን የሆኑ አሉ፤ ከአባታቸው ጋር በአስተርጓሚ የሚነጋገሩም አሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ልጁ ይሂድ ወይስ ይቅር?» የሚል ብቻ አይደለም። ትምህርት ባለበት መሄዱ አይቀርም። ጥያቄው መንገዱ በሁለቱም በኩል የሚያስኬድ ነው ወይ? የሚል ነው።

የዋኤ ሬቦ ሰዎች ለዚህ ሙሉ መልስ አግኝተዋል አንልም፤ ዛሬ ወደ ታች ከሚወርዱት ልጆች ስንቱ ነገ ቡና ሊለቅም ይመለስ ይሆን? ያደረጉት ግን ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በኅዳር ወር በሚከበረው «ፔንቲ» በተባለው የምስጋና በዓል ደግሞ ርቀው የሚኖሩት የመንደሩ ተወላጆች ይሰበሰባሉ። ሁለተኛ፣ ቤት ሲሠራ ወጣቱ ከሽማግሌው አጠገብ ቆሞ ይሠራል እንጂ ቆሞ አያይም። ሦስተኛ፣ የተማረ ሰው ሲመጣ ሽማግሌውን ሊያስተምር ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ሰምቶ ሊጽፍም ነው።

እኛም ከዚህ ብንጀምር መልካም ነው እንላለን። ልጃችሁ ፕኒሚያ ከሆነ ለእረፍት ቤት የሚመጣበትን ሰንበት ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሲመጣም ከቴሌቪዥን ፊት ብቻ አትተዉት። እናት ቡና ስታፈላ ከአጠገቧ ይቀመጥ፤ አባት ጎጆ እንዴት እንደሚማገር፣ የትኛው እንጨት ለምሰሶ እንደሚሆን ይንገረው። ልጁም በዕብራይስጥም ቢሆን በደብተሩ ይጻፈው። መምህሩ ወደ ስብሰባ ሲጠራችሁ ደግሞ «ቋንቋውን አልችልም» ብላችሁ አትቅሩ፤ አስተርጓሚ ይዘን አብረናችሁ እንሄዳለን፤ በቢሯችን ለዚህ ብቻ የተመደበ ሰዓት አለን።